ከሎጎ ሐይቅ ወለል እስከ ጥልቁ ባሕር፦ ርዕደ መሬት ደለልን እንዴት ያንቀሳቅሳል?

ከታች ያለው ጭቃ

በወሎ፣ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሎጎ ሐይቅ (በአጭሩ ሐይቅ) በጥልቁ ቦታው ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጣና በስፋት ከመቶ እጥፍ በላይ ቢበልጠውም ጥልቀቱ 15 ሜትር አይሞላም። የእኛው ትንሽ ቢሆንም ጥልቅ ነው፤ ከዳር ጥቂት እንደገቡ ወለሉ ቁልቁል ይሄዳል። እንዲህ የሆነው መሬቱ ተሰንጥቆ በሰመጠበት ጎድጓዳ ስፍራ ላይ ስለተኛ ነው። ከአፋር ቆላ ወደ ወሎ ደጋ የሚወጣው ገደል አንድ ወጥ ግድግዳ አይደለም። ደረጃ እየሠራ የተሰበረ ሲሆን በደረጃዎቹ መካከል የሰመጡ ሸለቆዎች አሉ፤ የቦርከና ሜዳ፣ የሐይቅና የጎረቤቱ የአርዲቦ ሐይቅ ጎድጓዳ፣ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ደግሞ የራያ ሜዳ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ሐይቁን የፈጠረውና ቤታችንን የሚያንቀጠቅጠው ኃይል አንድ መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ወደ ሐይቁ የሚገባው ዋናው ወንዝ አንከርካ ነው፤ የአርዲቦን ትርፍ ውሃ ይዞ ይመጣል። ክረምት ላይ ደፍርሶ ሲገባ ከባዱ አሸዋ እዚያው አፉ ላይ ይቀራል። ደቃቁ ግን እየተንሳፈፈ ወደ መሀል ይዘልቅና ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ከሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ የገባው ደለል መውጫ የለውም፤ በየዓመቱ ስስ ንብርብር እየሆነ ይደራረባል።

ጥልቁ ባሕርም በመሠረቱ ከዚህ አይለይም። ወንዞች ከየብስ ጠርገው ያመጡት ደለል መጀመሪያ የሚከማቸው ከጠረፉ ቀጥሎ ባለው ጥልቀት የሌለው መደብ ላይና መደቡ አልቆ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት ጫፍ ነው። ከዚያ ወዲያ፣ አራትና አምስት ሺህ ሜትር ወርዶ በሚገኘው ሜዳ ላይ፣ ከላይ የሚወርደው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ከየብስ በራቀው የውቅያኖስ መሀል በአንድ ሺህ ዓመት የሚጠራቀመው ሸክላ ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። እንግዲህ አንድ ተመራማሪ ከእንዲህ ያለ ጥልቀት በቱቦ ናሙና አውጥቶ በደቃቁ ሸክላ መሀል አንድ ክንድ የሚሆን አሸዋ ቢያገኝ መደነቁ አይቀርም። አሸዋ ተንሳፍፎ ያን ያህል አይርቅም። ታዲያ ምን አመጣው?

ነውጡ ጭቃውን ምን ያደርገዋል?

በውሃ ሥር ያለ ጭቃ ድፍን ነገር አይደለም። ቅንጣት በቅንጣት ላይ ተደግፎ የቆመ ሲሆን በመካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ውሃ ነው። ከላይ የተደረበውን ክብደት የሚሸከሙት እርስ በርስ የተደጋገፉት ቅንጣቶች ናቸው። መሬት ሲርድ ቅንጣቶቹ ከድጋፋቸው ይላቀቁና መጠጋጋት ይጀምራሉ። እንዲጠጋጉ ግን በመካከላቸው ያለው ውሃ መውጣት አለበት፤ ነውጡ ደግሞ ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ስለሚቆይ ውሃው በዚያ ፍጥነት አያመልጥም። ስለዚህ ክብደቱ በድንገት ከቅንጣቶቹ ትከሻ ላይ ወርዶ ውሃው ላይ ይወድቃል። ውሃ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ምንም ነገር ደግፎ አያቆምም። ያን ጊዜ ጭቃው የፈሳሽ ጠባይ ያመጣል፤ ተዳፋቱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢሆን እንኳ ይንሸራተታል።

በደሴ ዙሪያ ያለውን የመሬት መንሸራተት ያየ ሰው ውሃ የጠገበ አፈር ምን እንደሚያደርስ አይጠፋውም። እዚያ አፈሩ እስኪጠግብ ክረምቱ መግባት አለበት። የባሕርና የሐይቅ ወለል ግን ዓመቱን ሙሉ እንደጠገበ ነው፤ የሚጠብቀው የሚነቀንቀውን ብቻ ነው።

እንቅስቃሴው ሁልጊዜ ትልቅ ናዳ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን ምሥራቃዊ ጠረፍ በደረሰው 9 ገደማ መጠን ባለው ርዕደ መሬት ጊዜ በሰፊው የባሕር ወለል ላይ የተነሣው የላይኛው ጥቂት ሴንቲሜትር ለጋ ጭቃ ነበር። ስስ ነው ብላችሁ አትናቁት። በብዙ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲባዛ እጅግ ብዙ ነው፤ ተንሸራቶ የተጠራቀመውም ከ7 ሺህ ሜትር በላይ በሚወርደው የጃፓን ስርጥ ውስጥ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ከ8 ሺህ ሜትር በላይ ውሃ አልፎ ቱቦ በመስደድ ከዚያው ስርጥ የቀደሙ ነውጦችን ደለል ሁሉ አውጥቷል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣልቃ ላስገባ፣ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ። ተደጋግሞ የሚናወጥ ተዳፋት ይበልጥ ይልፈሰፈሳል ብለን እንጠብቃለን። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። እያንዳንዱ መለስተኛ ነውጥ ትንሽ ውሃ እያስወጣ ጭቃውን ያጠቀጥቀዋል፣ ያጠነክረዋል። ለዚህም ነው ትልልቅ የባሕር ውስጥ ናዳዎች ሁልጊዜ ነውጥ በሚበዛበት ጠረፍ የማይበዙት፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚናወጥና ብዙ ደለል የተጫነበት ቦታ ይብሳል።

በሃይላንድ የሚታይ ነገር

የተንሸራተተው ጭቃ እየወረደ ሳለ ከውሃ ጋር ይደባለቃል። የደፈረሰ ውሃ ከጠራው ጥቂት በመቶ ቢከብድ በቂ ነው፤ ከጠራው ሥር ገብቶ ወለሉን ይዞ ይወርዳል። በወረደ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራል፣ ሲፈጥን ወለሉን ይቦረቡራል፣ የቦረቦረው ደግሞ ያከብደዋል። በዚህ ዓይነት ከተነሣበት በብዙ እጥፍ አድጎ ይሄዳል። ይህን የደለል ጎርፍ ባለሙያዎቹ ‘ተርቢዲቲ ከረንት’ ሲሉት፣ ጎርፉ ሲቆም የሚተወውን ንብርብር ‘ተርቢዳይት’ ይሉታል።

በክፍል ውስጥ ለማየት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ባዶ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ፤ አንድ እፍኝ አሸዋና አንድ እፍኝ የእርሻ አፈር ጨምሩበትና በውሃ ሙሉት። ክዳኑን አጥብቃችሁ በደንብ ነቅንቁት፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አቁሙትና እጃችሁን አንሡ። ሻካራው አሸዋ ወዲያው ታች ይደርሳል። ደቃቁ አሸዋ በላዩ ይተኛል፣ ከእሱ ላይ ደግሞ የላመው አፈር። ሸክላው በማግስቱም ውሃውን እንዳደፈረሰው ልታገኙት ትችላላችሁ። ከጎን ሲታይ ከታች ሻክሮ ወደ ላይ እየላመ የሚሄድ አንድ ንብርብር ነው። ተርቢዳይት ማለት ይህ ነው፤ የባሕሩ ቢሆን ከአንድ ሴንቲሜትር አንሥቶ ከአንድ ሜትር በላይ ሊወፍር ይችላል።

ሁለተኛው ሙከራ ሳፋ ይፈልጋል። ሳፋውን በንጹሕ ውሃ ሙሉትና በአንድ በኩል ድንጋይ አስገብታችሁ ዘንበል አድርጉት። ከፍ ካለው ጫፍ የተበጠበጠ ጭቃ በኩባያ ቀስ እያደረጋችሁ አፍስሱ። ጭቃው ከውሃው ጋር ወዲያው ይዋሐዳል ብሎ የጠበቀ ተማሪ ይገረማል። ግንባሩ ወፈር ያለ ደመና ሠርቶ ወለሉን እየላሰ ይወርዳል፣ ከላይ ያለው ውሃ ግን ጠርቶ ይቆያል።

አሥራ ሁለት የቴሌግራፍ ኬብሎች

ይህን ጎርፍ በጥልቁ ባሕር ውስጥ በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም። መኖሩን ያሳወቁት የተበጠሱ ሽቦዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1929፣ በእኛ ኅዳር 9 ቀን 1922 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ፣ ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደሴት በስተደቡብ ባለው ባሕር 7.2 መጠን ያለው ርዕደ መሬት ተከሠተ። ቦታው ግራንድ ባንክስ ይባላል፤ ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው፣ በዓሣ የታወቀ መደብ ነው። በዚያ ዘመን አውሮፓንና አሜሪካን የሚያገናኙት የቴሌግራፍ ኬብሎች ብዙዎቹ ከመደቡ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ተዘርግተው ነበር። ከነውጡ ማእከል አጠገብ ያሉት ወዲያው ተቆረጡ። ይህ ማንንም አላስደነቀም። ግራ ያጋባው ቀጥሎ የሆነው ነው፤ ከማእከሉ ርቀው፣ ወደ ጥልቁ ወርደው የተዘረጉት ኬብሎች አንዱ ከሌላው በኋላ፣ ተራ ጠብቀው መበጠስ ጀመሩ። የመጨረሻው የተቆረጠው ከነውጡ 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በኋላ ነው። በጠቅላላው 12 ኬብሎች ተበጥሰዋል።

ቴሌግራፍ ሲቋረጥ የየጣቢያው ሠራተኛ ደቂቃዋን ይመዘግባል። የኬብሎቹም ቦታ በካርታ ላይ ተለይቶ ይታወቃል። ቦታውና ሰዓቱ በእጅ ካለ ፍጥነት ማስላት የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ሆኖም ሒሳቡን ሠርቶ ትርጉሙን ለማውጣት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1952 ብሩስ ሂዘንና ሞሪስ ዩዊንግ የተባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች የኬብሎቹን ቅደም ተከተል አስቀምጠው፣ ቁልቁል የተጓዘ አንድ ነገር ተራ በተራ እንደቆረጣቸው አሳዩ። ኋላ በተደረጉ ስሌቶች ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በባሕር ሥር ነው ይህ የሆነው፤ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ የሚሄድ ሚኒባስም ከዚህ ብዙ አይፈጥንም። ከጥልቁ ሜዳ ናሙና ሲወጣም የጠበቁት ተገኘ፤ ከታች ሻክሮ ወደ ላይ የላመ፣ በቦታው ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ትኩስ ንብርብር።

የዚያን ምሽት ናዳ ያመጣው ሌላም ጣጣ ነበር። ያ ሁሉ ደለል በአንድ ጊዜ ቦታ ሲለቅ የላዩን ውሃ አናግቶ ሱናሚ አስነሣ፤ 28 ሰዎች ሞቱ። የገደላቸው የመሬቱ መንቀጥቀጥ አይደለም፤ ነውጡ ያንሸራተተው ጭቃ ነው።

ቴሌግራፍ ቀርቶ ኢንተርኔት ሲተካ አደጋው አብሮ አልቀረም። በዲሴምበር 2006 ከደቡብ ታይዋን ወጣ ብሎ 7.0 መጠን ያለው ርዕደ መሬት ያስነሣው ጎርፍ ዘጠኝ የባሕር ኬብሎችን በጥሶ የምሥራቅ እስያን ኢንተርኔት አሽመድምዶት ነበር፤ ጥገናው ሳምንታት ፈጀ። ባሕር የለንም ብለን የምናልፈው ጉዳይ አይደለም። እዚሁ ተሁለደሬ ወረዳ ላይ ተቀምጦ ቴሌግራም የሚከፍት ተማሪም መልእክቱ ወደ ዓለም የሚወጣው በጎረቤት አገር በኩል አልፎ በባሕር ወለል በተዘረጋ የብርሃን ኬብል ነው።

ምን ያህል ይጓዛል?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 በኒውዚላንድ ካይኩራ በሚባል ቦታ 7.8 መጠን ያለው ነውጥ ደረሰ። ከከተማው ፊት ለፊት፣ ከጠረፉ ብዙም ሳይርቅ፣ ጥልቅ የባሕር ውስጥ ገደል አለ። እድል ሆኖ ወለሉ ቀደም ሲል ተለክቶ ካርታ ወጥቶለት ስለነበር ከነውጡ በኋላ እንደገና ተለክቶ ሁለቱ ተመሳከሩ። ከገደሉ 850 ሚሊዮን ቶን ያህል ደለል ተጠርጎ ወጥቷል፤ በውስጡም 7 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ነበር። ጎርፉ በባሕሩ ወለል ያለውን ቦይ ተከትሎ ከ680 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። ይህ ከሐይቅ ተነሥቶ አዲስ አበባን አልፎ ሐዋሳ መድረስ ነው። በሕይወት የተሞላው የገደሉ ወለል ተላጭቶ ቀረ።

ካርቦኑን የጠቀስኩት ለቁጥር ብዬ አይደለም። ከየብስ የታጠበ ቅጠልና ሥር፣ ከባሕሩ ላይ የሞተ ጥቃቅን ፍጥረት ሁሉ ከደለሉ ጋር ወርዶ ጥልቁ ውስጥ ይቀበራል። የተቀበረው ካርቦን ቶሎ ወደ አየር አይመለስም። ርዕደ መሬት ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የምድርን የካርቦን ዑደት ከሚያሽከረክሩት ኃይሎችም አንዱ ነው።

ጎርፍ ያመጣው ነው ወይስ ነውጥ?

እስካሁን ያልኩት ቀላሉን ነው። ከባዱ ጥያቄ ቀጥሎ ይመጣል፤ አንድ ንብርብር በናሙናው ውስጥ ስላገኘን ብቻ ‘ርዕደ መሬት ነበር’ ማለት እንችላለን ወይ?

አንችልም። በየብስ ላይ እንኳ ናዳ ሁሉ ከነውጥ አይመጣም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈው ከከባድ ዝናብ በኋላ የተናደ መሬት ነው። በባሕር ውስጥም እንዲሁ ነው። በጃንዋሪ 2020 ከኮንጎ ወንዝ አፍ የተነሣ የደለል ጎርፍ በአትላንቲክ ወለል ላይ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የምዕራብ አፍሪካን የኢንተርኔት ኬብሎች ቆርጧል። ከጀርባው ርዕደ መሬት አልነበረም። ወንዙ ከሳምንታት በፊት እጅግ ሞልቶ ብዙ ደለል አፉ ላይ ከምሮ ነበር፤ ቀሪውን የባሕሩ ውሃ ከፍና ዝቅ ማለት ጨረሰው።

ስለዚህ መለያ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚጠነክረው መለያ የጊዜ አንድነት ነው። ጎርፍ አንድ ወንዝ፣ ማዕበል አንድ ጠረፍ ያናውጣል፤ ትልቅ ርዕደ መሬት ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ተዳፋቶችን በአንዲት ቅጽበት ይነቀንቃል። ይህን ሐሳብ በብልሃት የተጠቀመበት ጆን አዳምስ የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪ ነው። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ካስኬዲያ በሚባለው ቀጠና፣ በርካታ የባሕር ውስጥ ገደሎች አሉ፤ ወደ ጥልቁ ሲወርዱም የተወሰኑት ይገናኛሉ። ከ7,700 ዓመት ገደማ በፊት የማዛማ እሳተ ገሞራ የበተነው አመድ በየናሙናው ውስጥ የሚለይ ምልክት ትቷል። አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1990 ከአመዱ በላይ ያሉትን ንብርብሮች ቆጠረ። በየገደሎቹ 13 ናቸው። ገደሎቹ ከተገናኙበት በታችስ? እዚያም 13።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሁለት ገደሎች በየራሳቸው ጊዜ፣ በየራሳቸው ምክንያት ጎርፍ ቢልኩ ኖሮ ከመገናኛው በታች 26 ይሆኑ ነበር። ቁጥሩ ያልጨመረው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለላኩ ነው። አንዱን ከሌላው ጋር ሊያስማማ የሚችል ከርዕደ መሬት ሌላ ምክንያት ማግኘት ያስቸግራል። ከሳይንስ ማስረጃዎች ሁሉ በቁጥር ብቻ ተነሥቶ እንዲህ ያማረ ብዙ አላውቅም። በኋላ ክሪስ ጎልድፊንገርና ባልደረቦቹ ምርመራውን አስፋፍተው በ10 ሺህ ዓመት ውስጥ ጠረፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያናወጡ 19 ታላላቅ ነውጦችን ቆጠሩ። የመጨረሻው በጃንዋሪ 1700 የደረሰው ሲሆን ቀኑ የታወቀው ውቅያኖሱን ተሻግሮ ጃፓን የደረሰውን ማዕበል ጃፓኖች መዝግበው ስለነበር ነው።

ሐይቅም ይመሰክራል

ባሕር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1601 በስዊዘርላንድ 5.9 ገደማ መጠን ያለው ነውጥ የሉሰርን ሐይቅን መታ። የከተማው ጸሐፊ እንዳሰፈረው ሐይቁ ተወዛውዞ ከፍተኛ ማዕበል ዳርቻውን ደበደበ፣ ከሐይቁ የሚወጣው የሮይስ ወንዝም ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ወለሉ ደርቆ ሰው በእግሩ ተሻገረው። አራት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ተመራማሪዎች በጀልባ ላይ ሆነው የድምፅ ሞገድ ወደ ወለሉ ሲልኩ በሐይቁ ዙሪያ በየቦታው የተንሸራተቱ ተዳፋቶችን አገኙ። ሁሉም ያረፉት በአንድ ደረጃ ላይ ነው፤ አንዱ ከሌላው በላይ ወይም በታች የለም። ጽሑፉና ጭቃው ተስማሙ። ከዚያም ወደ ታች ሲወርዱ ጽሑፍ የሌላቸውን፣ ከታሪክ በፊት የነበሩ ነውጦችንም አገኙ።

ከእኛ ጋር በአንድ የስንጥቅ ሥርዓት በተሳሰረው በአቃባ ባሕረ ሰላጤም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ2020 ከ1,700 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የጨው ኩሬዎች ተገኝተዋል። በውስጣቸው ኦክስጅን ስለሌለ ጭቃውን የሚቆፍር ትል ወይም ሸርጣን አይኖርም፤ ንብርብሮቹም ሳይነካኩ ይቆያሉ። ከዚያ የወጣው ናሙና ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሆነ የነውጥ፣ የሱናሚና የደራሽ ጎርፍ ታሪክ ይዟል።

ኦክስጅን የማነሱ ነገር ለሎጎ ሐይቅም ይሠራል። ጥልቁ ውሃ ከላይኛው ጋር እንደልብ ስለማይቀላቀል ኦክስጅን ያጥረዋል፤ በዚህም ወለሉን የሚያተራምስ ፍጥረት ይመነምናል። ለዓሣ አስጋሪ መጥፎ ዜና የሆነው ለጭቃ አንባቢ መልካም ነው።

የሐይቅና የአርዲቦ ጭቃ እስካሁን የተናገረው

ጭቃችን ሳይነካ አልቀረም። ኢየን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ከሐይቅና ከአርዲቦ ባወጡት ናሙና ውስጥ የአበባ ብናኝ ቆጥረው በ2003 እ.ኤ.አ. የ3 ሺህ ዓመት የደን ታሪክ አሳትመዋል። ዝግባና ጥድ የነበረበት ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ተመንጥሮ ክትክታና ሣር ተተካ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጥዱና ወይራው መለስ ብሎ አገግሞ ነበር፣ ከዚያ እንደገና ተጨፈጨፈ። ቀጥሎም በ2007 ከሐይቅ ደለል የ2 ሺህ ዓመት የዝናብና የድርቅ መዝገብ ታትሟል።

ይህ የደን ወሬ ከርዕሳችን የራቀ ይመስላል፤ አልራቀም። ዛፉ ሲጠፋ ብዙ አፈር ታጥቦ ይወርዳል፣ በሐይቁ ተዳፋት ላይ የሚከመረው ለጋ ጭቃ ይወፍራል፣ ለሚቀጥለው ነውጥም ብዙ የሚንሸራተት ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ነውጡ የሚጎትተው ሰው ያቀረበለትን ነው ማለት ይቻላል።

አሁን አንድ ሰው በሎጎ ሐይቅ የነውጥ ታሪክ ልፈልግ ቢል ከየት ይጀምራል? በመጀመሪያ የትኛው ነውጥ ጭቃውን ለማንቀሳቀስ ይበቃል የሚለውን ማሰብ አለበት። መጠን ብቻውን አይበቃም፣ ርቀትም ይወስናል። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት አዲስ አበባን ያስደነገጠው 6.0 መጠን ያለው የፈንታሌ አካባቢ ነውጥ ከሐይቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከእንዲህ ያለ ርቀት ጭቃ ይንሸራተታል ብዬ አልጠብቅም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ማጀቴን ያፈረሰው፣ በካራቆሬም ብዙ ቤት ጥሎ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የሰነጣጠቀውና በናዳ የሞላው ነውጥ 6.5 ገደማ ነበር። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የርዕደ መሬት ታሪክ ሰፊ ቦታ የሰጡት ነው። እሱም ቢሆን በቀጥታ መስመር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ የሚጠበቀው፣ ካለ፣ የላይኛው ለጋ ጭቃ መነሣት ነው። ትልቁን ናዳ የሚያወርደው ከራሱ ከሐይቅ ጎድጓዳ ስንጥቅ ወይም ከአጠገቡ የሚነሣ ነውጥ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጎርፍን መለየት ነው፤ እዚህ ላይ የአዳምስ ዘዴ እንዳለ አይሠራልንም። ሐይቅና አርዲቦ ጎረቤታሞች ናቸው፣ አንድ ደመና ሁለቱንም ያዘንብባቸዋል፣ ከዚያም አልፎ በአንከርካ ይገናኛሉ። በሁለቱም ውስጥ እኩል ዕድሜ ያለው ወፍራም ንብርብር ቢገኝ ነውጥ ነው ብሎ ለመፍረድ አይበቃም፤ አንድ የከፋ ክረምት ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሌላ ምስክር ይፈለጋል። ከአንከርካ አፍ ብቻ ተነሥቶ ወደ መሀል እየሳሳ የሚሄድ ንብርብር ወደ ጎርፉ ያደላል። ወንዝ ከማይገባባቸው ገደላማ ዳርቻዎች፣ በሐይቁ ዙሪያ ከተለያየ አቅጣጫ የተንሸራተቱ ጭቃዎች እንደ ሉሰርኑ በአንድ ደረጃ ላይ ቢያርፉ ግን ዝናብ ያን አያደርግም። ከዚያ ወዲያ ንብርብሩን በካርቦን 14 ወይም በእሳተ ገሞራ አመድ ዕድሜውን ወስኖ፣ ራቅ ብሎ ከሰሜን ከሚገኘው የሐሸንጌ ሐይቅ ናሙና ጋር ማስተያየት ነው።

የአመዱን ነገር አትርሱ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የፈነዳው ሃይሊ ጉቢ የበተነው አመድ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ታይቷል። አመዱ ያረፈበት ውሃ ሁሉ፣ ሐይቅም ይሁን ባሕር፣ ቀኑ የተለየ ምልክት በወለሉ ላይ ይዟል፤ ከእንግዲህ በዚያ የሚንሸራተት ጭቃ ሁሉ ከእሱ በላይ ይተኛል።